በሳንድ ክሪክ ዳር፦ በገዛ ወገኑ ላይ የመሰከረው ሰው

«ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝም ውኃ ነው። ዴንቨርና አውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየቀኑ በመኪና የምናቋርጠው፣ ብዙዎቻችን ግን ስሙን እንኳ ጠይቀን የማናውቀው ሳንድ ክሪክ የሚባል አነስተኛ ወንዝ አለ። ስሙ በእኛ ቋንቋ «አሸዋማ ወንዝ» እንደማለት ነው። በደህናው ቀን ቁርጭምጭሚት አያርስም፤ ዝናብ ሲወርድበት ግን ያገራችንን ደራሽ ጎርፍ ያስታውሳል። ይህን ወንዝ ተከትሎ ከአውሮራ ምሥራቃዊ ክፍል የሚነሣ፣ በዴንቨር ሰሜናዊ ጫፍ አልፎ ሳውዝ ፕላት ከሚባለው ትልቁ ወንዝ የሚደርስ፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ዳገት የለበትም፣ ቁልቁለት የለበትም። ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌም ያለ ጭንቀት ይሄድበታል።

(አንባቢ ግራ እንዳይጋባ፦ አሜሪካን የሚመለከቱት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» ያልኩባቸው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በዚህ መንገድ የምሄደው ብቻዬን አይደለም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ጋሼ» ብዬ ከምጠራቸው ወዳጄ ጋር ነው የምጓዘው። ጋሼ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ታስረው ውስጥ እግራቸውን የተገረፉ ሰው ናቸው። ኮረኮንች መንገድ ዛሬም ስለሚያማቸው ነው ይህን ለስላሳ መንገድ የመረጥነው። አንድ ቀን የመንገዱን ስም የያዘው ሰሌዳ ሥር ቆም አሉና፣ «ለመሆኑ ቀይ ሕንዶቹን የጨፈጨፉበት ሳንድ ክሪክ ይኸ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የተማርኩ መስዬ «አዎን ጋሼ፣ ይኸው ነው» አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ለካስ ተሳስቻለሁ። ከ30 ዓመት በላይ የኖርኩበትን ከተማ አለማወቄ አሳፈረኝ። ይህች ጽሑፍ ከዚያ እፍረት የተወለደች ናት።

መንገዱና ነዋሪዎቹ

ከአውሮራ ወገን የምንነሣው ሞሪሰን የተባለው የተፈጥሮ ማዕከል ካለበት ከስታር ኬ ራንች ነው። በፊት የከብት እርባታ የነበረ ሥፍራ ነው። መኪና አቁመው ጥቂት እንደተራመዱ የአውራ ጎዳናው ጩኸት እየራቀ ይሄድና ኮተንዉድ ከሚባሉት ታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይገባሉ። እነዚህ ዛፎች በዚህ ደረቅ ሜዳማ አገር የሚበቅሉት ውኃ ባለበት ብቻ ነው፤ ከሩቅ የዛፍ መስመር ካዩ እዚያ ወንዝ አለ ማለት ነው። በበጋ መጀመሪያ ዘራቸው እንደ ጥጥ ብን እያለ መንገዱን ነጭ ያለብሰዋል። ከሥራቸው የእኛው አኻያ ዘመድ አለ። ማለዳ የወጣ ሰው አጋዘን ውኃ ሲጠጣ፣ ቀበሮ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲሾልክ ያያል። ኮዮት የሚባለው፣ ቀበሮን የሚያህል ግን ጠንከር ያለ አውሬ ሌሊት ይጮኻል፤ ጋሼ ድምፁን በሰሙ ቁጥር «ጅብ ነኝ ብሎ የሚያስብ ውሻ» ይሉታል። ቢቨር የተባለው እንስሳ ዛፍ በጥርሱ ገዝግዞ ጥሎ ወንዙን ይገድባል። ጉጉትና ጭልፊት ከላይ ይጠብቃሉ። ዝይው ግን መንገዱን የራሱ አድርጎታል፤ ለሰው አይለቅም።

ወንዙ ዳር ቅጠሉ ብርማ የሆነ፣ እሾሃማ ዛፍም አለ። ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ ለጥላና ለነፋስ መከላከያ ተብሎ የመጣ ነው። ተስማማውና ተስፋፋ፤ አሁን የአገሩን ዛፍ ውኃ ሻማብን ተብሎ የፓርክ ሠራተኞች ይቆርጡታል። ይህን ለጋሼ ሳጫውታቸው ሳቅ ብለው፣ «ስደተኛ ዛፍ ነዋ! እኛንም እንዳይቆርጡን» አሉ። በአጤ ምኒልክ ጊዜ ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ትዝ አለኝ። የመጣበትን ረስተን ያገር ዛፍ አድርገነዋል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ስንሄድ በስተ ግራችን የአንሹትዝ የሕክምና ግቢ ሕንፃዎች ይታያሉ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ እዚያ በነርስነት፣ በጽዳት፣ በላቦራቶሪ ሥራ ተሰማርተው ይገኛሉ። ሥፍራው በ1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችና የሳንባ በሽተኞች ይታከሙበት ዘንድ የተከፈተው ፊትዝሲመንስ የሚባለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 የልብ ድካም በያዛቸው ጊዜ ለሳምንታት የተኙት እዚሁ ነው። አውሮራ ራሷ በ1891 ስትቆረቆር ስሟ ፍሌቸር ነበር፤ መሥራቿ ዶናልድ ፍሌቸር በ1893ቱ የብር ገበያ ውድቀት ጊዜ ከተማዋን ከነዕዳዋ ጥሏት ሄደና በ1907 ነዋሪዎቿ ስሙን ፍቀው አውሮራ አሏት። ስም መለወጥ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ቀጥሎ ብላፍ ሌክ የተባለው ትንሽ ሐይቅ ይመጣል። በዙሪያው 50 ሄክታር ያህል መሬት ለአራዊትና ለአዕዋፍ ተተውቷል። ይህ ቦታ ሳይታረስና ሳይገነባበት የቀረው ለወፍ ታዝኖ እንዳይመስልዎ። የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ ዳርቻ ስለነበረና ለደኅንነት ሲባል ባዶ እንዲሆን ስለተፈለገ ነው። ስቴፕልተን ስል እኔ በግሌ ሆዴ ይባባል። ከሱዳን በስደተኝነት መጥቼ በዚያ ብርድ፣ በስስ ሸሚዝ፣ አንዲት የወረቀት ከረጢት አንጠልጥዬ ዴንቨር የወረድኩት በዚያ ማረፊያ ነው። በ1980ዎቹ የመጣን ሁላችንም መግቢያችን እሱ ነበር። በ1995 ተዘግቶ ሥራው ወደ አዲሱ ማረፊያ ሲዛወር መንደርደሪያው ፈርሶ መኖሪያ ሰፈርና መናፈሻ ሆነ። ሰፈሩም የስቴፕልተንን ስም ወረሰ።

ለመሆኑ ስቴፕልተን ማን ነው? ቤንጃሚን ስቴፕልተን ከ1923 ጀምሮ በሁለት ዙር የዴንቨር ከንቲባ የነበረ ሰው ነው። የኩ ክሉክስ ክላን አባልም ነበር። በዚያ ዘመን ክላን በኮሎራዶ ከተራ ወንበዴ ቡድን ያለፈ ኃይል ነበረው፤ ከንቲባውንም አገረ ገዥውንም እስከማስመረጥ ደርሷል። የስቴቱ ታሪክ ሙዚየም የክላኑን የአባላት መዝገብ በ2021 ሕዝብ እንዲያየው በኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል፤ የብዙ ሰው አያት ስም አለበት። የሰፈሩ ነዋሪዎች ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ በ2020 ስሙን ሴንትራል ፓርክ ብለው ለወጡት። እኔ ጥቁሩ ስደተኛ «እንኳን ደህና መጣህ» የተባልኩት በክላን አባል ስም በተሰየመ በር መሆኑን ያወቅሁት ከዘመናት በኋላ ነው።

የሁለቱ ሳንድ ክሪክ ነገር

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። ጭፍጨፋው የተፈጸመበት ሳንድ ክሪክ ሌላ ነው። ከዴንቨር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ኢድስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ ካየነው የተጠነሰሰው እዚሁ ዴንቨር ውስጥ ነው።

በ1851 በተፈረመው የፎርት ላራሚ ውል መሠረት ዛሬ ዴንቨርና አውሮራ ያሉበት ምድር የሸያንና የአራፓሆ ሕዝቦች መሆኑን የአሜሪካ መንግሥት አምኖ ነበር። በ1858 በዚህ አካባቢ ወርቅ ተገኘ ተባለና ነጩ ሰፋሪ እንደ አንበጣ ጎረፈ። ቼሪ ክሪክ ሳውዝ ፕላትን በሚቀላቀልበት ሥፍራ ከተማ ተቆረቆረ። ስሟም የካንሳስ ግዛት ገዥ በነበረው በጄምስ ዴንቨር ስም ሆነ። ሰፋሪዎቹ ገዥውን ደጅ ለመጥናት ብለው ነው ያን ስም የመረጡት፤ ሰውዬው ግን ያን ጊዜ ሥልጣኑን ለቆ ነበር። በ1861 ጥቂት ባላባቶች ብቻ በፈረሙት ሌላ ውል የሸያንና የአራፓሆ ምድር ተሸራርፎ አንዲት ቁራሽ ቀረች።

ከዚያ ሁለቱም ወገን ይገዳደል ጀመር። በጁን 1864 ሀንጌት የተባለ ገበሬ ከሚስቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ጋር ከዴንቨር ደቡብ ምሥራቅ ተገደለ። አስከሬናቸው ወደ ከተማ መጥቶ ለሕዝብ ታየ። ሕዝቡ በፍርሃትና በቁጣ ነደደ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። የንጹሐን ሬሳ አደባባይ ወጥቶ ሌሎች ንጹሐንን ለመግደያ ምክንያት ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም። ያን ጊዜ በጋሪ ተጭኖ ይመጣ የነበረው ዛሬ በእጅ ስልካችን ይመጣል።

አገረ ገዥው ጆን ኢቫንስ በኦገስት ወር ዜጎች «ጠላት» የሆነውን ሕንድ አሳድደው እንዲገድሉ የሚፈቅድ አዋጅ አወጣ። መቶ ቀን የሚያገለግል ልዩ ክፍለ ጦርም አስመለመለ። በሴፕቴምበር የሸያኑ ባላባት ብላክ ኬትልና ጓደኞቹ ለሰላም ብለው ዴንቨር ድረስ መጥተው በካምፕ ዌልድ ከኢቫንስና ከኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን ጋር ተነጋገሩ። ሰላም ያገኘን መስሏቸው ወደ ሳንድ ክሪክ ሄደው፣ እንደ ልማዳቸው ከብርድ የሚያስጥል ወንዝ ዳር ሰፈሩ።

ኖቬምበር 29 ቀን 1864 ጎሕ ሲቀድ ቺቪንግተን ወደ 700 የሚጠጋ ወታደር ይዞ ደረሰባቸው። ብላክ ኬትል የአሜሪካንን ባንዲራና ነጭ ጨርቅ ከድንኳኑ በላይ ሰቀለ። አላዳነውም። ወደ 230 የሚሆኑ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ወታደሮቹ ከአስከሬን የቆረጡትን ይዘው በዲሴምበር ዴንቨር ሲገቡ ሕዝቡ በሰልፍና በእልልታ ተቀበላቸው። ጋዜጣው አሞገሳቸው። ያ ዓመት በእኛ አገር አጤ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ያሰሩበት ዓመት ነው። ብላክ ኬትልም ከሳንድ ክሪክ ተርፎ ሲያበቃ በ1868፣ አጤ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባለፉበት ዓመት፣ በሌላ ወንዝ ዳር በአሜሪካ ጦር ተገደለ።

የመሰከረው ሰው

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በዓለም ላይ ከተፈጸሙት ብዙ እልቂቶች አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር። ልዩ የሚያደርገው ካፒቴን ሳይላስ ሶል የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ነው። ሶል የቺቪንግተን ጦር መኮንን ሆኖ እዚያው ሥፍራ ነበር። እሱና ሌተናንት ጆሴፍ ክሬመር ወታደሮቻቸው እንዲተኩሱ ማዘዝን እምቢ አሉ። እምቢ ማለት ብቻ አልበቃቸውም፤ ያዩትን ሁሉ ሳያስተርፉ ጽፈው ለበላይ መኮንን ለሜጀር ዊንኩፕ ላኩ። ደብዳቤዎቹ በሕይወት አሉ። ማንም ሰው ዛሬ ሊያነባቸው ይችላል፤ እኔ ግን አንዴ አንብቤ ሁለተኛ መድገም አልቻልኩም። በ1865 መጀመሪያ ዴንቨር ላይ በተቀመጠው የምርመራ ጉባኤ ፊት ሶል ቀርቦ በገዛ አዛዡ ላይ መሰከረ። በኤፕሪል 23 ምሽት፣ በተጋባ በሦስተኛ ሳምንቱ ገደማ፣ ዴንቨር መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ገዳዩም ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ።

ልብ በሉ፤ ሶል ሸያን አይደለም፣ አራፓሆም አይደለም። ከሟቾቹ ጋር ደምም ቋንቋም አያገናኘውም። ሀንጌቶች ሲገደሉ ያለቀሰው ሕዝብ የእሱ ወገን ነው። «የእኛም ሬሳ አለ እኮ» ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። አላለም። የኮንግረሱ መርማሪዎች በ1865 ድርጊቱን ያወገዙት፣ ኢቫንስም ከሥልጣኑ የተነሣው ከውስጥ የመሰከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ቺቪንግተን ግን ከጦሩ ስለለቀቀ ሳይከሰስ ቀረ።

አሁን ያችን የእሑድ መንገዳችንን እንደገና አስቧት። በምሥራቅ ጫፏ ሃይ ላይን ከሚባለው፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከተቆፈረው የመስኖ ቦይ ጋር ትገናኛለች። የቦዩን መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተከተለ ሰው ፌርማውንት የመቃብር ሥፍራ አጠገብ ይደርሳል። ቺቪንግተን ያረፈው እዚያ ነው፤ ዛፍና ሣር በሞላበት ግቢ። በምዕራብ ጫፏ ሳውዝ ፕላት ላይ ስትደርስ ደግሞ፣ ከመገናኛው ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ሪቨርሳይድ የሚባለው አሮጌ መቃብር አለ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የመስኖ ውኃው ስለተቋረጠበት ሣሩ ደርቋል። እዚያ ደግሞ አገረ ገዥው ኢቫንስና ካፒቴን ሶል አንድ ግቢ ውስጥ ተቀብረዋል። አዛዡ በአንዱ ጫፍ፣ መስካሪው በሌላው ጫፍ፤ በመካከላቸው እኛ ስደተኞቹ ውኃ በላስቲክ ይዘን እየተጨዋወትን እንመላለሳለን።

የሸያንና የአራፓሆ ተወላጆች በየዓመቱ በኖቬምበር ከጭፍጨፋው ሥፍራ ተነሥተው ዴንቨር ድረስ በቅብብል ይሮጣሉ። ሲደርሱም ሪቨርሳይድ ገብተው ሶልን ያስባሉ። የገዳዮቻቸውን ወገን ሰው መቃብር በክብር ይጎበኛሉ ማለት ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ የፍትሕ ትምህርት አላውቅም።

የ150 ዓመት መንገድ

እውነቱ ተጽፎ ቢቀመጥም ኮሎራዶ እስክታምነው ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል። በስቴቱ ምክር ቤት ደጃፍ በ1909 የቆመው የጦርነት ሐውልት ሳንድ ክሪክን ከድል ጦርነቶች ተርታ ዘርዝሮት ነበር። ስህተቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ከጎኑ የተቀመጠው በ2002 ነው። የጭፍጨፋው ሥፍራ ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ የተመረቀው በ2007 ነው። አገረ ገዥው ጆን ሂከንሉፐር በስቴቱ ስም ይቅርታ የጠየቀው በዲሴምበር 2014፣ ልክ በ150ኛው ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ኢቫንስ የመሠረተው የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ መምህራን የመሥራቻቸውን ተጠያቂነት መርምረው ጥፋተኛ መሆኑን ጻፉ። የራሱን መሥራች የሚመረምር ተቋም! ከመንገዳችን ላይ ሆነን ጥርት ባለ ቀን ወደ ምዕራብ ስናይ የሚታየን፣ ከራስ ዳሽን 200 ሜትር ያህል ብቻ የሚያንሰው ተራራም እስከ 2023 ድረስ «ማውንት ኢቫንስ» ይባል ነበር። አሁን ማውንት ብሉ ስካይ ሆኗል፤ «ሰማያዊ ሰማይ» ማለት ነው፤ አራፓሆዎች የሚጠሩበት ስም ነው።

ለመሆኑ ይህ በቂ ነው? አይደለም። መሬቱ አልተመለሰም። በ1865 በተፈረመ ውል ለተጎጂዎች ቤተሰብ የተገባው ካሣ እስካሁን አልተከፈለም። ዘሮቻቸው ዛሬ በኦክላሆማ፣ በዋዮሚንግና በሞንታና ተበትነው ነው የሚኖሩት። አራፓሆ የሚለው ስም በአውሮራ የቀረው በአውራጃና በጎዳና ስም ነው። የተራራ ስም መለወጥ ርካሽ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነገር፣ ማለትም «እኛ ገደልን» የሚለውን ቃል፣ ርካሽ ነው ልለው አልችልም። እኛ ገና አልቻልነውማ!

እኛስ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው አባባል ዴንቨር ላይ ሥጋ ለብሶ ታይቷል። በ2011 አንድ ኢትዮጵያዊ በወገኖቻችን ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይቶ ደሙ ቀዘቀዘ። ሰውዬው በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ሆኖ እስረኛ ያሰቃይ የነበረ ነው። በሌላ ሰው ስም አሜሪካ ገብቶ፣ ዜግነት አግኝቶ፣ ከተጎጂዎቹ ጋር በአንድ ከተማ ቡና ይጠጣ ነበር። በ2012 ተያዘ፤ ከልዩ ልዩ ሥፍራ የመጡ የቀድሞ እስረኞች ዴንቨር በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩበት፤ በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የተፈረደበት በሐሰት ስም ዜግነት በማግኘቱ እንጂ በገደለውና በገረፈው አልነበረም። የመሰከሩበትም የተወጉት ብቻ ናቸው። ከወጉት ወገን፣ «እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እንዲህ አድርገናል» ብሎ የተነሣ ሰው አልተሰማም።

ባዕድ የገደለንን እናስታውሳለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ያስፈጀው ሕዝብ ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልት አለው። በ2012 ጣሊያን ውስጥ በአፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራ በውጭ የምንኖር ሁሉ ዘርና ሃይማኖት ሳንለይ ጮኸናል፤ ያስመሰግነናል። ለቀይ ሽብር ሰማዕታትም በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ ሙዚየም ተከፍቷል። ነገር ግን እርስ በርስ የተገዳደልነውን ስንቆጥር እያንዳንዳችን የምንቆጥረው የራሳችንን ሬሳ ብቻ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ይህን በዓይናችን ዓየን። በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋር ንጹሐን ሲያልቁ፣ በኦሮሚያ ገበሬ በመንደሩ ሲታረድ፣ እዚህ ዴንቨር ውስጥ በአንድ ዕድር የነበርን ሰዎች በሬሳ ተከፋፈልን። የአንዱ ወገን ሲሞት «ጭፍጨፋ»፣ የሌላው ሲሞት «ፕሮፓጋንዳ» ሆነ። የተማርነው ደግሞ ባስነን አረፍነው፤ የእግር ማስታወሻ እየጨመርን የየጎጣችንን ሬሳ ስናሳምር ከረምን። የሀንጌትን አስከሬን በዴንቨር ጎዳና ያሳዩ ሰዎች በዚያ ተግባር ከእኛ በምን ያንሳሉ?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል? ይቅር ብለን ወደፊት እንሂድ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «መጀመሪያ የእኛ ይታመን፣ ከዚያ የእነሱን እናያለን» ይላሉ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። ሳይነገር የሚዘጋ ቁስል አይድንም፤ ከላይ ይደርቅና ከሥር ይመግላል። «መጀመሪያ እነሱ» የሚለውም ቃል ማለቂያ የለውም፤ እነሱም ይህንኑ ይላሉና። የሳንድ ክሪክ ታሪክ የሚያሳየው ክሩ የሚፈታው ከወጊው ወገን በተነሣ ምስክር መሆኑን ነው። ተጎጂዎቹ ሸያኖችና አራፓሆዎች እውነቱን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ተናግረዋል፤ ማንም አልሰማቸውም። አገሩ ጆሮውን የሰጠው «እኛ ነን» ለሚለው ለራሱ ሰው ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው አልልም። የሰው ልጅ ነገር እንዲህ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ከተማርነው የሚጠበቀው ምንድን ነው? ሌላውን ለመክሰስ የተዘጋጀ ጽሑፍ ሞልቶናል። የጎደለን ያ የአንድ ካፒቴን ደብዳቤ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበረ፣ በነጭ ሽብር የተኮሰ፣ በኋለኛው ጦርነት ያዘዘ ወይም ያየ ሰው በመካከላችን አለ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጊዜውም እያለቀ ነው። ቢጽፍ፣ ባይችል እንኳ ለልጁ ቢናገር፣ እኛም ሲናገር «ከሃዲ» ብለን ባንወግረው፣ ይህ ለትውልድ ከሐውልት የበለጠ ነው። ከዚያ ያነሰ ድፍረት የሚጠይቅም አለ፦ የማንወደው ወገን ሬሳ ሲመጣ «ይህም ሰው ነበር» ማለት።

ባለፈው እሑድ ለጋሼ ስህተቴን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ያ ሳንድ ክሪክ ይኸ አይደለም፤ የዋሸሁዎት ሳላውቅ ነው» አልኳቸውና የሶልን ታሪክ አጫወትኳቸው። ወንዙን እያዩ ብዙ ዝም አሉ። አንድ ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ ውኃው መሐል ቆሞ ዓሣ ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔን ከሚገርፉት መሐል አንዱ ልጅ ማታ ማታ ውኃ ያመጣልኝ ነበር። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም። ተናግሬ አላውቅም፤ የገረፉኝን ስናገር የኖርኩት እሱን ዘልዬ ነው። ያም እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጻፈው» አሉ፤ ጻፍኩት። ከዚያም እግራቸውን አሳርፈው ሲነሡ ቀስ እያልን ወደ መኪናችን ተመለስን። መንገዱ ሜዳ ነው፤ አያደክምም። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና ሂዱበት። ቀበሮውንና ዝይውን አሳዩአቸው። የሁለቱን መቃብሮች ታሪክም ንገሯቸው። ልጆቹ «እኛስ?» ብለው ከጠየቋችሁ ግን እንደኔ የተማረ መስላችሁ አትመልሱላቸው።

ቸር ይግጠመን።